ከአንገት የወረዱ ፊርማዎች

እታለም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው አንገቱን ነው። የሰቆጣ ገበያተኛ ይህን ዓመሏን ያውቃል። ጧፍና ሰም ይዛ ከምትቀመጥበት ከሐሊሜ ሱቅ በረንዳ ሆና፣ ከጋዝጊብላም ከፃግብጂም በእግሩ የመጣው ሁሉ ከነጠላው በታች ምን እንዳንጠለጠለ ታጠናለች። ተራ ማተብ ከሆነ ትተወዋለች። መስቀል ከሆነም ትተወዋለች። ቆዳ የለበሰ፣ በላብ ጠቁሮ የደረቀ አራት ማዕዘን ክታብ ካየች ግን ጧፏን አስቀምጣ ትነሣለች።

ካቻምና በጥቅምት አንዲት አሮጊት ከአምደወርቅ በኩል መጥተው ጧፍ ሊገዙ ጎንበስ ሲሉ ክታቡ ከቀሚሳቸው ወጥቶ ተወዛወዘ።

«እማማ፣ ይህን ክታብ ማን ሠራልዎ?»

«መሪጌታ ገበያው ነዋ። ነፍሱን ይማርና፣ ያን ጊዜ ከእሱ ሌላ ማን ነበረ?»

«ለምን ተሠራልዎ?»

አሮጊቷ ሳቁ። «ሕፃን ሆኜ ነው። ሰቆጣ አንዲት ቡዳ ነበረች አሉ፤ እንዳንቺው ጧፍ የምታዞር። ዓይኗ ያረፈበት ልጅ አያድግም ተባለና እናቴ ዶሮዎቿን ሽጣ አሠራችልኝ።»

«እናቴ ናት» አለች እታለም።

የአሮጊቷ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ክታቡ ሄደ። ሐሊሜ ከሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ቀና ሳትል፣ «አይፍሩ፣ እማማ፤ እኔ ከሷ ጋር ስውል ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ወላሂ፣ የጨመርኩት ውፍረት ብቻ ነው» አለች።

እታለም ግን አልሳቀችም። ክታቡን በአዲስ የናስ መስቀልና በአንድ እቅፍ ጧፍ ልትለውጥ ጠየቀች። አሮጊቷ አመነቱ። ውስጡ ያለው ጸሎት እንዳልሆነ፣ የአያቷ ወዳጅ የጻፈው ስም እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «ከእናቴ ዓይን ሊጠብቅዎ የታሰረው የራሴ አያት ንብረት ነው» አለቻቸው። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ዓይኗን አዩ፣ አንድ ጊዜ መስቀሉን አዩ፣ ከዚያ ክሩን በራሳቸው ላይ አወጡት።

እታለም ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። ከቆዳው ውስጥ ያለው በሰም የተነከረ ጨርቅ በጧፍ ነበልባል አጠገብ ሲለሰልስ ተገለጠና ጣት የምታህል ወረቀት ወጣች። ላይዋ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱ፣ በቀጭን ብዕር የተጻፉ ጥቂት የዕብራይስጥ ፊደላት ነበሩ። እታለም እንደ ጥርስ ሕመምተኛ መንጋጋዋን ነክሳ አየቻቸው።

የዚህ ነገር ሥር ሩቅ ነው። ጣልያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ናፍታሊ ዌስለር የሚባል አይሁዳዊ ምሁር በበቅሎ ሰቆጣ ደረሰ። የቤተ እስራኤልን መንደሮች እያጠያየቀ፣ የአገሩንም ቋንቋ ኽምጣንጋን ሊማር ነበር የመጣው። ክረምቱ ስለያዘው በእታለም አያት በመምሬ የኔሰው ቤት ተቀመጠ። መምሬ የኔሰው የንብን፣ የገብስን፣ የዝናብን ስም በኽምጣንጋ አስተማሩት። እሱም የኦሪትን ፊደል አሳያቸው። ሲለያዩ ሁለቱም አለቀሱ ይባላል።

ከዚያ ደብዳቤው ጀመረ። ናፍታሊ ከቪየና በተጣመመ አማርኛው ይጽፋል፤ እንደ እሱ አይሁድ የሆኑ ጓደኞቹም መጠየቅ የፈለጉትን በእሱ ያስጽፉና ግርጌው ላይ እያንዳንዳቸው በገዛ ፊደላቸው ይፈርማሉ። ወረቀቱን ከደሴ እስከ ሰቆጣ የሚያደርሱት ጨርቅ ነጋዴው የሐሊሜ አያት ነበሩ። «ጉም በኽምጣንጋ ምን ይባላል? ሽማግሌዎች ሞትን በስሙ ይጠሩታል ወይስ ይሸሽጉታል?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ መምሬ የኔሰው በዝግታ ይመልሳሉ።

መምሬ የኔሰው በጣልያን ጊዜ በተስቦ ሞቱ። ደብዳቤዎቹን ከነሣጥናቸው ተማሪያቸው ገበያው «ለልጅቷ አደግ እስክትል በአደራ» ብሎ ወሰደ። ልጅቷ የእታለም እናት ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች።

ገበያው ኋላ መሪጌታ ሆነ፤ ክታብ መጻፍም ያዘ። አገሩ የማያውቀው ፊደል ብርቱ ነው ብሎ ስላመነ፣ ወይም ሰው እንደሚያምን ስላወቀ፣ የደብዳቤዎቹን ግርጌ እየቆረጠ ፊርማውን በቆዳ ይሰፋ ጀመር። «የሰሎሞን ማኅተም ነው፤ ከእስራኤል ልጆች እጅ የወጣ» ይላል። ነገር ግን መድኃኒት ያለ በሽታ አይሸጥም። ስለዚህ በሽታውንም እሱው አመጣው። መምሬ የኔሰው ከአይሁድ ጋር ሲጻጻፍ ቡዳነትን በወረቀት ተቀብሏል፤ ለልጁም አውርሷታል ብሎ አወራ። ቡዳ በዘር ይወረሳል ሲባል የሰማ ሕዝብ፣ በፖስታም ይመጣል ሲባል አልተጠራጠረም። ቤተ እስራኤልን እንዲያው ያለ ጥፋታቸው በዚህ ስም ሲጠራ የኖረ አገር ነው፤ ስሙን ለአንዲት ወላጅ አልባ ልጅ መጨመር አልከበደውም።

ወለተ ጊዮርጊስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አደራዋን ልትጠይቅ ሄደች። ጥፋተኛዋ እሷ ይመስል፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክማ ከገበያው ደጅ ቆመች። ገበያው ሕፃን ልጁን ታቅፎ ወጣ። የልጁን ፊት በጋቢ ሸፍኖ፣ «ዓይንሽን መልሺ» አላት። በዚያው ሳምንት ካሉት ሁሉ ትልቁን ክታብ ሰፍቶ በዚያ ሕፃን አንገት አሰረ። ወለተ ጊዮርጊስ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ስትሄድ መሬት መሬት እያየች ሄደች። የቤቱ ሠራተኛ አዝና፣ ገበያው እሳት ማያያዣ ያደረጋቸውን ግርጌ አልባ ደብዳቤዎች በሌማት ደብቃ አመጣችላት። ማንበብ ባትችልም በሰም ጨርቅ ጠቅልላ አኖረቻቸው።

እታለም ያደገችው እናቷ ሰው ቤት ሲገቡ ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ከኋላቸው ሲያደርጉ እያየች ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ስትቆጥር መጀመሪያ ያነበበችው እነዚያን የተቆረጡ ወረቀቶች ነበር። ለእናቷም አነበበችላቸው። እናቷ ስለ ንብና ስለ ጉም የተጠየቀውን ሰምተው፣ «ይኸው ብቻ ነው?» አሉ። «ይኸው ብቻ ነው» አለቻቸው። ወለተ ጊዮርጊስ ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ሲሞቱ ለቀብር የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከቀባሪው አንዷ ለጎረቤቷ፣ «እንግዲህ ለልጆቹ እፎይ ነው» ስትል እታለም ሰማች። ሐዘኑ ሳይወጣ ክታቦቹን መሰብሰብ ጀመረች።

አሰባሰቧ የራሷ ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌው የተቆረጠበት መስመር የተለያየ ነው፤ ገበያው አንዱን በምላጭ፣ አንዱን በመቀስ፣ አንዱን በችኮላ በጥርሱ የቀደደ ይመስላል። ከአንገት የወረደውን ፊርማ ከቆረጣው ጋር እያስተያየች የራሱን ደብዳቤ ታገኝለታለች። ሲገጥም ከኋላው ስስ ወረቀት ትለጥፍበታለች። ለዚህ ብላ ለቅሶ ቤት ሄዳለች፣ ሠርግ ቤት ሄዳለች፣ የማታውቀው ሰው ክርስትና ላይ ተገኝታለች። ፃግብጂ ካለ አንድ ገበሬ አንዱን በፍየል ለውጣለች። አንዲት ሴትዮ ክታቡን ከሟች ባሏ ጋር እንደቀበረችው ስትነግራት መቃብሩን ቆማ እያየች ረጅም ጊዜ አሰበች፤ ያ ግን ኋላ ከሴትዮዋ ሣጥን ተገኘ።

የሐሊሜ ልጅ ሰላሕ ፊርማዎቹን በስልኩ አንሥቶ አዲስ አበባ ዕብራይስጥ ለሚያስተምሩ ሰው ላከላት። መልሱ ሲመጣ ሐሊሜ ሱቅ ውስጥ ነበር ያነበበላቸው። የጓደኞቹ ስማቸው ብቻ ነው። የናፍታሊ ግን ሁልጊዜ አንድ ቃል ይቀድመዋል፤ «ወዳጅህ» ይላል። ናፍታሊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም፤ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቹ ሳይገደል አልቀረም ብለዋል መምህሩ።

ሐሊሜ ሚዛኑን አቆመች። «እና ይህ ሁሉ ሕዝብ ከእናትሽ ሊጠበቅ ያንጠለጠለው ‘ወዳጅህ’ የሚል ነው?»

«አዎ።»

«አላህ ይየው» አለች ሐሊሜ።

«እሱ ይየው» አለች እታለም። «እኔም አየዋለሁ።»

የመሪጌታ ገበያው ልጅ፣ በጋቢ የተሸፈነው ሕፃን፣ ዛሬ መሪጌታ አሥራተ ማርያም ነው። ሰማንያን ይጠጋል። በአባቱ ቦታ ክታብ ይጽፋል፤ የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢም ነው። እታለም ባለፈው ዓመት ስትጨርስ አንድ ደብዳቤ ብቻ ግርጌ አልባ ቀረ፤ ናፍታሊ «ከማስተምርበት ቤት አባረሩኝ፤ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም፤ በጸሎትህ አስበኝ» ብሎ የጻፈው የመጨረሻው። ግርጌው አሥራተ ማርያም አንገት ላይ እንዳለ አገር ያውቃል።

ነገሩ በገበያ ሲወራ የአሥራተ ማርያም ደጅ ጭር አለ። ክታብ የሚያሠራ ቀነሰ። ያሠሩትም፣ «በውስጡ ያለው የማን ፊርማ ነው?» እያሉ ሲያሾፉበት ሽማግሌ ላከ። ማኅበርተኛ ከተጣላው ጋር ጽዋ አይቀምስም፤ እታለም ደግሞ በእናቷ ስም ማኅበሩን ከገባች ጀምሮ አሥራተ ማርያም ካለ ከደጅ ትመለሳለች። የሽማግሌዎቹ ዋና አቶ ደግሰው ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እታለም፣ ነገሩ አርጅቷል። ክታቡን በጓዳ ይሰጥሻል። ይቅር ተባባሉና ጽዋው ይዙር።»

«ጋሼ ደግሰው፣ እናቴ ቡዳ የተባለችው በጓዳ ነው?»

አቶ ደግሰው ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የምፈልገውን ልንገርዎት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ክታቡን በገዛ እጃቸው ፈትተው ያውጡ። አንገታቸው ባዶ እንደሆነ ከእኔ እጅ ይጉረሱ። ሳጎርሳቸው ዓይኔን እያዩ።»

«በሰማንያ ዓመቱ? ሴትዮ፣ ይህ ዕርቅ ነው ወይስ ግርፋት?»

«እናንተ ስም አውጡለት።»

አሥራተ ማርያም ሰምቶ፣ «ከቡዳ እጅ ከምጎርስ አፈር ይጉረሰኝ» ብሎ መለሰ። እታለም ይህን ቃል ስትሰማ ተናደደች ማለት አይቻልም፤ ደስ ያላት ትመስል ነበር። በቃሉ እናቷን የሚሰድብ እንዳልጠፋ፣ እሷም በከንቱ እንዳልለፋች አወቀች።

በኅዳር ብርድ አሥራተ ማርያም ታመመ። ትኩሳቱ ያቃጥለዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ሲያስል ደም ይቀላቅላል። ሐኪም ቤት ውሰዱት ያለ ጎረቤት ነበር፤ ቤተሰቡ ግን እምቢ አለ። ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል፤ ይህን በልጅነቱ ያልሰማ የለም። ስለዚህ የዘመዱ ሁሉ ሐሳብ የበላችውን አግኝቶ ከልብሷ ጫፍ ቆርጦ ማጠን ሆነ። ልጁ ምሕረት፣ የጎለመሰች ሴት፣ መቀስ በመቀነቷ ሸጉጣ እታለም ደጅ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም፤ ደጁ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ እታለም፣ አባቴ ሊሞት ነው። ከቀሚስሽ ጫፍ፣ ትንሽ ብቻ።»

እታለም ቁልቁል አየቻት። እናቷም በእነሱ ደጅ እንዲሁ ነበረች፤ ያውም ድንጋይ ተሸክማ። ይህችን ሰዓት ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሠርታታለች። ጫፉን ብትሰጥ በላሁት ብላ በአፏ መመስከሯ ነው፤ የእናቷ ስም እስከ ልጅ ልጅ በዚያው ይጸናል። ከልክላ ብትቀመጥና ቢሞት ያው ነው፤ በላችው ይባላል። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ሰውየው መዳን አለበት። ለአሥራተ ማርያም ዕድሜ የምትሳሳ ሴት በዚያች ሰዓት በሰቆጣ እታለም ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«መቀሱን መልሺ» አለቻት። «ተነሺ፤ ባጃጅ ጥሪ። ሐኪም ቤት ይሄዳሉ።»

«መርፌ ይገድለዋል እኮ።»

«ጋሼ ደግሰውን ጥሪልኝ። በእሳቸው ፊት እናገራለሁ።»

አቶ ደግሰው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። እታለም ነጠላዋን አደግድጋ ቆማ ተናገረች። «መርፌውን ይወጉ። ከሞቱ እኔ በላኋቸው በሉ፤ አገር ልቀቂ ብትሉኝ እለቃለሁ፤ አቤት የምልበት ቦታ አይኖርም። ከዳኑ ግን ቡዳ ያልበላው ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማሉ፤ ያልኩት ሁሉ ይፈጸማል። ትዋሳላችሁ?»

«እዋሳለሁ» አሉ አቶ ደግሰው። ምሕረትም እያለቀሰች፣ «እዋሳለሁ» አለች።

ሐኪም ቤት የሳምባ ምች ነው ተባለ። ነርሷ ደረቱን ለማየት ክታቡን ልታወልቅ ስትል እታለም እጇን ያዘቻት። «ይህን አትንኪ፣ ልጄ። ባለቤቱ ነው የሚያወልቀው።» ነርሷ ክታቡን በትከሻው ላይ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። መርፌው ሲገባ ምሕረት ፊቷን ሸፈነች፤ እታለም ግን መርፌውን ሳይሆን የሰውየውን ትንፋሽ ነበር የምታየው።

እዚያው ከረመች። አጥሚት እየሠራች አመጣች፤ ምሕረት ትቀምሰውና ትሰጠዋለች። ሐሊሜ ልትጠይቃት መጥታ፣ «ለባልሽ እንኳ እንዲህ አልሆንሽም» አለቻት።

«ባሌ ዕዳ አልነበረበትም» አለች እታለም።

ትኩሳቱ እየወረደ ሲመጣ አሥራተ ማርያም ዓይኑን ገለጠና አልጋው ግርጌ ተቀምጣ አያት። ለመጮህ ጉልበት አልነበረውም። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሊስብ ሞከረ።

«ይተውት፣ መሪጌታ» አለች በዝግታ። «ለመሞት እንኳ አልፈቀድኩልዎትም። መድኃኒትዎን ይዋጡ።»

ድኖ ወጣ። አቶ ደግሰው የዋስትናቸውን ነገር አልረሱም። በታኅሣሥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ጫማውን እየፈለገ ሳለ አሥራተ ማርያም በልጁ ተደግፎ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመ። ወሬው ቀድሞ ስለነበር የቀረ ሰው አልነበረም። ክሩን በራሱ ላይ አወጣ። ስፌቱ የአባቱ ስፌት ነው፤ አልበገር አለው። ምሕረት ልታግዘው ስትል እታለም፣ «እሳቸው ብቻ» አለች። ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ቆዳው ተተረተረና ወረቀቷ ወጣች። እታለም ከጉያዋ የመጨረሻውን ደብዳቤ አውጥታ አስጠጋችው። ቆረጣው ገጠመ።

«ለማን የተጻፈ ነው? በሉ፣ ይንገሩን» አለች።

«ለመምሬ የኔሰው።»

«ማን ወሰደው?»

አሥራተ ማርያም አቶ ደግሰውን አየ። አቶ ደግሰው መሬት መሬት ያያሉ። «አባቴ» አለ። «አደራ በልቶ። ወለተ ጊዮርጊስንም... ቡዳ አልነበረችም።»

ሐሊሜ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ «አይሰማም» የሚል ድምፅ የመጣው ከዚያ በኩል ነው። አሥራተ ማርያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

እታለም ዳቦ ቆርሳ በማር ነከረችና ወደ አፉ አቀረበች። አንገቱ ባዶ ነበር፤ ክታቡ የዋለበት ቆዳ ነጥቶ ይታያል። አፉን ከፈተ። እሷ ግን እጇን እዚያው አቆመች። እናቷ አቀርቅራ የኖረችበትን ዘመን የምትመልስ ይመስል፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። የሽማግሌው ጉንጭ ላይ እንባ ሲወርድም አላቋረጠችም። ሲበቃት አጎረሰችው። ዋጠው።

«እንግዲህ ይቅር በይ፣ እታለም» አሉ አቶ ደግሰው። «ጽዋው ይዙር።»

«ጽዋውን እጠጣለሁ፤ ማኅበሩን አልበድልም። ይቅር ማለቱን ግን የተበደለችው ናት የምትለው፤ እሷ ደግሞ የለችም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከእንግዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ መሪጌታ ቀና ብለው ዓይኔን ያያሉ። እስኪሞቱ ድረስ። የዛሬ ሕዝብ ሁሉ ምስክር ነው።»

የተቃወመ የለም። ደብዳቤዎቹን አሁን በእናቷ ሣጥን አድርጋለች፤ ሙሉ ናቸው። ሰላሕ አንድ ቀን አዲስ አበባ እናሳይ ይላታል፤ ትሄድ ይሆናል። ለጊዜው ሥራ አለባት። የገበያ ቀን አሥራተ ማርያም ጨው ሊገዛ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ አይቷት በበርበሬ ተራ በኩል ሊዞር ሲል፣ ከሐሊሜ በረንዳ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«መሪጌታ፣ እዚህ ነኝ።»

ቆመ። ከበርበሬ ሻጮቹ መካከል ጥቂቶቹ እጃቸውን ከመስፈሪያው አነሡ። አሥራተ ማርያም ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቀና አለ፤ አያትም። እታለም ጧፏን ማዞር ሳታቆም እሷም አየችው። እንዲሄድ የፈቀደችለት አይታው ስትጨርስ ነው።